የአባትሽ የደም ውጤት

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ድካሙ ብቻ ነው። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ እህትሽም አዲስ ሥራ ጀምራለች።

አባትሽን ማክሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የአንጎሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች መዘጋት ከጀመሩ ወዲህ ነገር ይረሳል ብዬሽ አልነበር? አሁን ባሰበት። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት እኔ ቆለፍኩለት።

ሐኪሟ ከስድስት ወር በፊት የተቀዳውን ደምና የአሁኑን አስተያይታ፣ "የአንጎል ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ነገር አለ፤ በእርስዎ ደም ውስጥ ጨምሯል" አለችው።

"ታዲያ ልጄን የምረሳበትን ቀን ይናገራል?" ብሎ ጠየቃት።

"ቀኑን አይናገርም አባባ። የደም ግፊትዎን ከተቆጣጠርን ግን ልናዘገየው እንችል ይሆናል።"

"ደሜም እንደ ሚስቴ ሆነ፤ ጉዴን ለሰው ያወራል" ብሎ ሳቀ። ሐኪሟም ሳቀች። እኔ ግን ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

አሁን መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ፤ ጨው ቀነስሽብኝ ብሎ ይነጫነጫል። አንቺም ሥራ በዛ ብለሽ ምግብ አትዝለይ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ "አባዬ፣ ማን ነኝ?" ብለሽ አትፈትኚው። ባለፈው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። ስምሽን ቀድመሽ ንገሪውና ወሬሽን ቀጥዪ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ