የትኛው ቅዱስ ፓትሪክ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3፣ 1967፣ አርማ ከተማ፣ ሰሜን አየርላንድ

ዝናብ። ጠዋት ከብሮና ጋር እማዬን አገላብጠን አጠብናት። ከወደቀች ወዲህ ሁለት ሰው ካልሆነ አትነሳም። ከዚያ ድንች ላጥኩ... ሌላ ምን አለ? አዎ፣ ታናሽ እህቴ ብሮና ልታገባ ነው። ካርታ የሚሠራ፣ ከደቡብ፣ የኮርክ ከተማ ሰው። ክላይቭ ይባላል። ክላይቭ! የለየለት የፕሮቴስታንት ስም።

"ካቶሊክ ነው አልኳችሁ እኮ!" አለች ብሮና።

"ክላይቭ ብሎ የሚያጠምቅ ቄስ የት አለ?" እማዬ፣ ከአልጋዋ።

ኮርክ ይዟት ሊሄድ ነው። እኔስ? ከእማዬ ጋር ብቻዬን ልበስብስ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ክላይቭ ትናንት ማታ ከኮርክ ገባ። ዛሬ ብሮና ሥራ ላይ ሳለች ቤት መጣ። ረጅም፣ ጆሮው ትልልቅ። ለእማዬ ብርቱካን አምጥቷል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በር ላይ ስሸኘው "እሁድ ጠዋት በአምስት ሰዓት ቅዱስ ፓትሪክ እንገናኝ" አልኩት።

የትኛው እንደሆነ አልነገርኩትም። እዚህ ሁለት ኮረብታ፣ ሁለት ካቴድራል፣ ስማቸው ደግሞ አንድ። አሮጌው የፕሮቴስታንቶች፣ ባለ ሁለት ግንቡ የእኛ የካቶሊኮቹ። "የትኛው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉንም እግሩ ወደ ራሱ ወገን ይወስደዋል። እስቲ የሱ እግር ወዴት ይወስደው ይሆን?

እሁድ፣ ኦክቶበር 8

ወደ አሮጌው ሄደ!

ከቅዳሴ በኋላ ብሮና ከተማውን ስታስስ የፕሮቴስታንቶቹ ደጃፍ ላይ በዝናብ ርሶ ቆሞ አገኘችው። እየሮጥኩ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። "አላልኩም?" አለች። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። እኔም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11

መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"እርስዎ እኮ የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም" አለኝ፣ ብሮና ፊት። "ቅዱስ ፓትሪክ ራሱ ቤተ ክርስቲያኑን የሠራበት ኮረብታ ያኛው ነው። ታሪኩን አንብቤ ነው የሄድኩት። ትመጣላችሁ ብዬ ደጅ ቆሜ ጠበቅኳችሁ።"

ሞኝ! ፕሮቴስታንቶቹ ከወሰዱብን አራት መቶ ዓመት ሆነው... መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አላነበበውም። ግን እውነቱን ነው። ፊቱ ላይ ያስታውቃል። አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ብሮና ወደ እኔ ዞረች። "ነግረሽው ነበር?"

"ባለ ሁለት ግንቡ ብዬ፣ ረጅሙን ደረጃ ሳይቀር አስረድቼዋለሁ።"

"ትዋሻለች!" አለ።

ማን ይታመን? ጸጉሯን እያበጠርኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ብሮና በሩን ከፈተችለት። ወጣ። ምን ተሰማኝ? እፎይታ። ሌላ ምንም።

አርብ፣ ኦክቶበር 20

ቀለበቱን በፖስታ ላከችለት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

ብሮና አትዘፍንም። አትከራከርም። ያዢ ስትባል ትይዛለች፣ አንሺ ስትባል ታነሳለች። ዛሬ እማዬን ስናጥብ፣ ጀርባዋ ሲቀር ውሃ ልትቀይር ወጣች። እማዬ ጠቀሰችኝ።

"ያ ልጅ የእኛው ነበር እኮ።"

"ምን?"

"ብርቱካኑን ሊያስቀምጥ ሲጎነበስ መቁጠሪያው ከኪሱ ወጣ። ያኔ ነው ፊቴን ያዞርኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺስ?"

ሳቅን። እኔና እሷ አብረን የሳቅነው መቼ ነበር? ዓይኗን እየጠረገች "ማን ያነሳኛል ብዬ ነዋ!" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "ያንቺን ሾፌርስ እንዴት እንዳባረርኩት ብነግርሽ!"

ፊንታን... የአውቶቡስ ሾፌሩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከቀጠሯችን ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ሰለቸሁት ብዬ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ መስታወት ፊት ስቆም ምኔን ጠላው እያልኩ...

"ምን አልሽው?"

"የሳምባ ነቀርሳ አለባት አልኩታ!" እንደገና ሳቀች።

ብሮና ሙቅ ውሃውን ይዛ ገባች። "እማዬን ቀና አድርገሽ ያዢልኝ" አለችኝ።

ያዝኩላት።