በሩን የከፈተው ሟች

ልጄ ዮፍታሄ፣ እመቤቴ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን። አባትህም ደህና ነው፤ ዛሬም እዚሁ ፌርፋክስ ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ነው የዋለው። ይህን የምጽፍልህ አንተ ሜልቦርን ላይ ስለገደልከው ነው።

የቀድሞ ወታደሮች ክበብ ውስጥ ስትዘፍን የተቀረጸውን ቪዲዮ ያላየ የለም። የአባትህን ሜዳሊያ በቀኝ ደረትህ አድርገህ «አባቴ ግንባር ላይ ወደቀ» አልክ፤ አውስትራሊያውያኑ ሽማግሌዎች ቆመው አጨበጨቡልህ። ለጭብጨባ ብለህ አባትህን በቁሙ ትቀብረዋለህ?

እሑድ እነ እትዬ ሙሉዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ሟቹ ራሱ ነው! «ግቡ እንጂ» ብሎ ሻይ አፈላላቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሲሄዱ ቪዲዮውን ሦስቴ አስከፈተኝ። መድፍ ባላደነቆረው ጆሮው አዳምጦህ ምን አለ መሰለህ? «ድምፁ ጥሩ ነው።»

እዚያ አገር በቀኝ የሚደረገው ሜዳሊያ የዘመድ፣ በግራ የሚደረገው የራሱ የተሸላሚው ነው አሉ። ሜዳሊያውን በፖስታ እንዳትልከው። ራስህ ይዘኸው ና፤ በግራ ደረቱ ላይ በገዛ እጅህ አድርግለት። ከዚያ አንተም ቆመህ አጨብጭብ።

ለአንተ ልቦና፣ ለእሱ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እናትህ ለተማርያም