የእታለም ዕረፍትና እናታቸው የፈቀዱት ፊልም

የዘጋቢ ፊልም ባለሙያዎች ማኅበራችን፣ ትልቅ ትንሹ «እታለም» እያለ የሚጠራቸው ዳይሬክተር በማህፀን በር ካንሰር ሕይወታቸው ማለፉን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ውስጥ ሆኖ ነው። የሕመሙን ስም የጻፍነው በወላጅ እናታቸው ፈቃድ ነው።

እታለም ወደ ሙያው የገቡት በድምፅ ቀረጻ ባለሙያነት ነበር። የመጀመሪያ ፊልማቸውን ልጅ መውለድ ስላልቻሉ ባሎች ሲሠሩ «ጉድ እኮ ነው! ይሄም ይቀረጻል?» ያላቸው ብዙ ነበር። ፊልሙ የታየ ቀን ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

ቀጥሎ የአእምሮ ሕመም ስላለባቸውና ጓዳ ተዘግቶባቸው ስለሚኖሩ ሰዎች ሠሩ። ቤተሰቡ ልቡ እስኪከፈት ካሜራውን መኪና ውስጥ ትተው፣ ደጃፍ ላይ ከቤቱ ሰዎች ጋር ሽንኩርት ሲልጡ ይውሉ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ሲቸኩልባቸው «ተው እንጂ አንተ፣ ገበናቸው እኮ ነው» ይሉት ነበር።

ባለፈው ዓመት የጀመሩት የመጨረሻ ፊልም፣ ይህንኑ ካንሰር በሀፍረት ስለሚደብቁ ሴቶች ነው። ሴቶቹን እየለመኑ ምርመራ ሲወስዱ፣ የራሳቸውን ግን «ኤዲቲንጉ ይለቅ» እያሉ ሲገፉ ከረሙ። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ «እርስዎስ?» አላላቸውም። ይህ ያንገበግበናል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ካሜራውን ወደ ራሳቸው አዞሩ። «ሥራው ሰበብ ነው፤ እኔም አፍሬ ነው የቀረሁት» ብለው ተናገሩ።

በማኅበራችን ደንብ የተቀረጸ ሰው አይቶ ሳይፈቅድ ፊልም ለሕዝብ አይቀርብም። እታለም ፊልሙ አልቆ ሳያዩት ስላረፉ ፈቃዱን ለእናታቸው ትተዋል። እናት ደግሞ ለጠያቂው ሁሉ «ጨጓራዋን ነው» ሲሉ የከረሙ ናቸው። ፊልሙ መቅረቱ ነው ብለን ፈርተን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ኤዲቲንግ ክፍላችን መጡ። አይተው ሲጨርሱ «ድገሙልኝ» አሉ፤ ደገምንላቸው። «ወይኔ ልጄን! እኔ ስደብቅላት እሷ ለሰው ሁሉ ተናግራዋለች። በሉ አሳዩት፤ እንዳትቆርጡባት» አሉን። ያላለቀሰ አልነበረም። ፊልሙ በመጪው ወር ይታያል።

ለእናታቸው፣ ለታናሽ እህታቸው፣ በፊልሞቻቸው ውስጥ ገበናቸውን አምነው ለሰጧቸው ሁሉና ለባልደረቦቻቸው ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን።

ይህን መግለጫ ልናነብላቸው ዛሬ ጠዋት ስንደውል፣ እናት ታናሽ ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ የምርመራ ወረፋ ላይ ነበሩ።