ዛፍ ትተው ችካል ለሚቆጥሩት ኃላፊ

ለተከበሩት የወረዳችን የተፈጥሮ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ብዙ መቀመጥ እንደሚጎዳ ስለማውቅ ሁሌ አስብልዎታለሁ።

ይህን የምጽፈው ከመናኸሪያ ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነውና የእጅ ጽሑፌን ይለፉልኝ። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ተነሳን፤ ሻንጣው አልዘጋ ብሎ በገመድ አሰርነው፤ መናኸሪያ ስንደርስ የልጄን ብርድ ልብስ ረስተናል፤ እሱን ላመጣ ሮጬ ስመለስ አውቶቡሱ ወጥቷል። ትልቋ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍልን አቋርጣ ከተማ ሰው ቤት ልትቀጠር ሄደች። ብርድ ልብሱ እጄ ላይ ቀረ።

ነገሩን በተራ ላስረዳዎት።

1. ከአራት ዓመት በፊት ወንዝ ዳር ያለውን ማሳዬን ማረስ ትቼ ዛፍ ብተክልበት በየዓመቱ ድጎማ እንደምትከፍሉኝ አስፈረማችሁኝ። የመሬቴ ግማሽ፣ ያውም ለሙ፣ እሱ ነበር። በየችግኙ ጎን ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል እንዳቆም ታዘዝኩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት አቆምኩ። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በቀኑ መጣ፤ ይህን አልክድም፣ አመሰግናለሁ።

2. ችግኞቹ አደጉ። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። በጀሪካን ውሃ እየተሸከመች ያሳደገቻቸው ይህችው ልጄ ናት። ችካሎቹ ግንዱን እየላጡ ሲያስቸግሯት አንድ በአንድ ነቀለቻቸው።

3. በሁለተኛው ዓመት ተቆጣጣሪዎ መጣ። ትጉህ ሰው ነው። ፀሐይ ስለበረታበት ዛፎቹ ጥላ ሥር ገብቶ፣ ቅጹን ግንድ ላይ አስደግፎ፣ «የተገኘ ችካል ዜሮ፤ የተተከለ ችግኝ የለም» ብሎ ጻፈ። የተደገፈውን ዛፍ ባሳየው፣ ቅጹ ላይ ለዛፍ የተተወ ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዳኝ። ልጄ አጠገባችን ቆማ ነበር።

4. አቤት ልል ቢሮዎ አሥራ አራት ጊዜ መጥቻለሁ። ጸሐፊዎ ገና ከበሩ ሳልገባ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ትነግረኛለች፤ ቤተሰብ ሆነናል። ኮሪደሩ ላይ በትልቁ ያሰቀሉት የዛፍ ፎቶ ደግሞ የእኔ ማሳ ነው። ጥግ ላይ የልጄ ጀሪካን ይታያል። ስላከበሩን እግዜር ይስጥልኝ።

5. የቀረው ማሳ ስድስት ሰው አይቀልብም። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ለመረጃ ያህል ነው።

ሌሎችም ነበሩኝ፤ ግን ተውኳቸው። ትናንት ልብሷን ስታጥፍ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ችካሉን ባልነቅል ይከፍሉን ነበር» አለችኝ። ለሻንጣው ገመድ ልፈልግ ወጣሁ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና መልሱን ቢጽፉልኝ ከብርድ ልብሱ ጋር እልክላታለሁ።

ወገብዎን እንዲያሳርፉ፣ ሲደክምዎም ከሌሉት ዛፎቼ ሥር መጥተው እንዲቀመጡ በአክብሮት እየጋበዝኩ፣

የዜሮ ችግኝ ባለቤት፣ የአራት ልጆች አባት

ተጨማሪ፦ የድሮዎቹን ችካሎች ማገዶ አድርገናቸዋል። ቀይ ቀለም በዱቤ ወስጃለሁ፤ አዲስ ችካል የሚወጣው እንጨት ግን ያለኝ እነዚያው ዛፎች ላይ ነው። ቆርጬ ችካል ላድርጋቸው?

የሦስት ዓመት ድጎማ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።