የወይዘሮ ቬርኒስ ኳስ ወርዋሪ በሕግ አግባብ ስለ መወሰዱ

ለክቡር ኮሚሽነር ዳረል ስታንኮቪች
የክሎቨር ሌን የቤዝቦልና የፉትቦል ፋንታሲ ሊግ የበላይ ጠባቂ፣ የሕጉ አርቃቂ፣ ተርጓሚና አስፈጻሚ
ማንስፊልድ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ የሰው ቤት አሸንዳ ሲገጥሙ ከመሰላል ወድቀው የጎዱትን ቀኝ ትከሻዎንም በደኅና እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። ትከሻው ለመዳኑ እንኳ ባለፈው ማክሰኞ ያስመዘገቡት ልውውጥ በቂ ምስክር ነው፤ ያን የሚያህል ነገር ከሰው ጓሮ አንሥቶ ወደ ራስ ጓሮ ማሻገር በታመመ ክንድ የሚሆን ሥራ አይደለም።

ደብዳቤውን በቦውሊንግ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከዓርቡ የዓሣ ጥብስ ዋጋ ጎን ለጥፌዋለሁ። ይህን ያደረግሁት ለድፍረት ሳይሆን ለአሠራር ብዬ ነው። በሊጋችን ሕግ መሠረት በኮሚሽነሩ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለኮሚሽነሩ ይቀርባል፤ ኮሚሽነሩም ከኮሚሽነሩ ጋር ከተመካከሩ በኋላ ውሳኔ ይሰጣሉ። ሁለቴ አመልክቼ ሁለቴም በአንድ ድምፅ ተሸንፌያለሁ።

እርስዎ ያውቁኛል። ጫማ ለመከራየት ቆመው ይህን ለሚያነቡ እንግዶች ግን፣ ሎዌል ክራንድል እባላለሁ፤ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልሁ፣ በዚህ ሊግ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የተሸነፍሁ ሰው ነኝ። እኛ አሥራ ሁለት ሰዎች በየዓመቱ በመጋቢት ከዚህ ሰሌዳ ጀርባ ባለው ክፍል ተሰብስበን፣ የዶሮ ክንፍ እየጋጥን፣ ስማችንን በሕይወታቸው ሰምተው የማያውቁ የቤዝቦል ተጫዋቾችን በየተራ እየጠራን ለየቡድናችን እንከፋፈላለን፤ በነሐሴ መጨረሻ ያንኑ በፉትቦል ተጫዋቾች እንደግማለን። እነሱ በእውነተኛው ሜዳ ይሮጣሉ፣ ነጥቡን እኛ ተቀምጠን እንለቅማለን። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ተጫዋች ወደ ቋቱ ሲመለስ፣ በየስፖርቱ አንድ አንድ ሰው ብቻ ይዘን መቅረት ይፈቀድልናል። ያ አንድ ሰው እስካልለቀቅነው ድረስ የእኛ ነው፤ ከለቀቅነው ግን ወደ ቀድሞ ባለቤቱ እንዳይመለስ ሕጉ ይከለክላል።

የወይዘሮ ቬርኒስ ሆልትግሬቭ አንድ ሰው ኮርዴል ፊንች ነበር። ኳስ ወርዋሪውን ፊንችን፣ ማንም በማያውቀው ጊዜ፣ የዛሬ አራት ዓመት በመጨረሻው ዙር የጠሩት ባለቤታቸው ኤመት ናቸው። እርስዎ ያን ቀን፣ «ኤመት፣ ይሄ ደግሞ ማነው? ፖስተኛህ ነው እንዴ?» ብለው ክፍሉን በሳቅ አንከተከቱት። ኤመት የዶሮውን አጥንት ሳህኑ ላይ አስቀምጠው፣ «ኳሱን ሲመቱበት እየው። ሲመቱበት ኮፍያውን አይነካካም» አሉ። ከዚያ በኋላ የቆዩት ሦስት ሳምንት ነው። ወይዘሮ ቬርኒስ ቡድኑንም ፊንችንም ወረሱ፤ እነሆ እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ ይዘውት ኖሩ። ቅሬታዎቼም እንደሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. በሰኔ ወር ስለ ተሰጥኦ የሰጡንን ትምህርት ይመለከታል። ያን ምሽት ሠላሳ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ዘርግተው፣ ፊንች ዕድለኛ እንጂ ባለ ተሰጥኦ እንዳልሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱን። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ግዌን ፓልሚሳኖ፣ «ዳረልዬ፣ አምና በፉትቦሉ 'ይሄኛው ንጉሥ ነው' ያልከው ሯጭ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱ ተበጠሰ እኮ» ብትልዎ፣ «ጉዳት ስሌት ውስጥ አይገባም» ብለው መለሱላት። እሷም፣ «አንተስ መቼ ገብተህ ታውቃለህ!» አለች። ወይዘሮ ቬርኒስ ግን እንደ ልማዳቸው ዘግይተው ተናገሩ። ጨዋታ የሚከታተሉት በሬዲዮ ብቻ ነው፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ውርወራ በእርሳስ ይመዘግባሉ። «የሬዲዮው ሰውዬ ወርዋሪው ሲደክም ድምፁ ይሳሳል፤ ይፈራለታል መሰለኝ። ፊንች ሲወረውር ግን መቶኛው ውርወራ ላይ እንኳ ሰውዬው ሳንድዊቹን እያላመጠ ነው የሚያወራው» አሉ። እርስዎም፣ «ቬርን፣ ሳንድዊች የሚል ዓምድ የለኝም» አሉ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ይህንን ለመዝገቡ ያህል አሰፍራለሁ። ዕድለኛ ብቻ የሆነን ሰው፣ ዕድሉ ሊያልቅ መቃረቡን በሠላሳ ሁለት ዓምድ ካረጋገጡ በኋላ፣ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ራስዎ ቡድን ለመውሰድ ያሳዩት ርኅራኄ ግን ከሳቃችን በላይ ሆኖብኛል።

፪ኛ. ልውውጡ የተፈጸመበትን ቦታ ይመለከታል። ሕጉ ድርድር የት እንደሚካሄድ አይደነግግም፤ ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ መካሄዱ ፍጹም ሕጋዊ ነው። አጠገባችሁ ቆማ መኪናዋን ለማስነሣት ትታገል የነበረችው ግዌን የሰማችውን ነግራናለች። በመጀመሪያ፣ «ቬርን፣ የልጁ ክንድ ሊያልቅ ነው፤ ዛሬ ካልሰጠሽው ነገ ማንም አይቀበልሽም» ብለዋቸዋል። ወይዘሮ ቬርኒስ፣ «እንጃ፣ የኤመት ነው እኮ» ብለው ወደ መኪናቸው ሲያመሩ፣ እርስዎ በሩን ከፈቱላቸውና፣ «ኤመት ቢኖር ራሱ ይለውጠው ነበር። ለኔ ነግሮኛል» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ከኤመት ጋር ሰባት ዓመት ቦውሊንግ ተጫውቻለሁ። ለእርስዎ የነገሩዎትን ነገር አስታውሳለሁ፤ «መኪናህን ከደጄ ላይ አንሣ» የሚል ነበር።

በዚህ መሠረት ወይዘሮ ቬርኒስ ፊንችን ሰጥተው ሦስት ሰው ተቀበሉ፦ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ የተቀደደ ኳስ ቀላቢ፣ ዘንድሮ ጫማውን እንደሚሰቅል ራሱ የተናገረ መቺ፣ እንዲሁም ለፉትቦሉ ወቅት አንድ ኳስ ለጊ። ይህ ለጊ አገር ሁሉ ለጊን በመጨረሻው ዙር ሲጠራ እርስዎ በሦስተኛው ዙር የጠሩት፣ ስንስቅብዎ ደግሞ ልክ እንደነበሩ ለማሳየት ይዘውት የቀሩት ነው። ወይዘሮ ቬርኒስ ከሦስቱ ከልባቸው የወደዱት እሱን ብቻ መሆኑን ስሰማ ግን መሳቁን ተውሁት። ልጁ ያደገው ከቤታቸው ሁለት መንገድ አልፎ ነው። «እናቱን አውቃታለሁ» ብለዋል።

፫ኛ. ሕጋችን ለደካሞች የሰጠውን መከላከያ ይመለከታል። ማንኛውም ልውውጥ ከተመዘገበ በኋላ አርባ ስምንት ሰዓት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት አባላት በስልካቸው ከተቃወሙት ይፈርሳል። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ልውውጡ ሲወጣ ሊጉ እንደ ተነካ ቀፎ ተነሣ። ሁለት ቀን ሙሉ እርስ በርስ እየተደዋወልን ተከራከርን። አንዱ፣ «ሕጋዊ ነው፣ ተዉት» አለ። ሌላው፣ «ሕጋዊማ ነው፤ ነውር ግን ነው» አለ። የፊንችን ክንድ፣ የቀላቢውን ጉልበት፣ የለጊውን እግር አንድ በአንድ አነሣን፤ ሥጋ ቤትም እንዲህ ዝርዝር አይገባም። ሐሙስ ጠዋት ሲሆን አራት ሰዎች ተቃውመው ነበር። አምስተኛው እኔ ነበርሁ።

፬ኛ. ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበል ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ለእርስዎ አቀርበዋለሁ። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ በስልኬ ላይ «ተቃውሜያለሁ» የሚለውን ተጫንሁ። እንደ ጀግና ተሰማኝ። አንዲት ተማሪ ቀኑ ያለፈበት መጽሐፍ ልትመልስ ብትመጣ ቅጣቱን ማርሁላት።

የተጫንሁት በቤዝቦሉ ገጽ ላይ አልነበረም። ልውውጡ ሁለቱንም ስፖርት ስለሚነካ በሁለቱም ገጽ ይታያል፤ የአሥራ ሁለታችን ስምም በሁለቱም ገጽ ያው ነው። እኔ የተጫንሁት በፉትቦሉ ላይ ነው። እርስዎ ራስዎ በክረምት ባወጡት ደንብ መሠረት፣ በፉትቦሉ ገጽ ከወቅቱ ውጭ የሚደረግን ዝውውር ለማገድ አንድ ተቃውሞ ይበቃል። ስለዚህ ተቃውሞዬ ጸደቀ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ሊግ ያሸነፍሁት ብቸኛ ነገር ይህ ሲሆን፣ ያሸነፍሁትም ለጊውን ከወይዘሮ ቬርኒስ ላይ መልሼ ለእርስዎ በማስረከብ ነው። በቤዝቦሉ በኩል አራት ድምፅ አራት ሆኖ ቀረ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ፊንች የእርስዎ ሆነ። ያን ዕለት ከሰዓት ባስተላለፉት ውሳኔም የልውውጡ አንዱ ክፍል ቢፈርስ ሌላው እንደሚጸና፣ ጣት የተሳሳተበት ምክንያትም እንደማይመረመር ገለጹ። እንዲህ በፍጥነት የተሰጠ ፍትሕ በአገራችን አይቼ አላውቅም።

፭ኛ. አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስጽፈው ግን አራተኛው እየደጋገመ ስለ መጣብኝ ትቼዋለሁ።

በመጨረሻም ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብዘጋ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሠንጠረዥ ማንበብ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ አንድ ሰው ሌላውን ሲያጣጥል ስሰማ የሚያጣጥለውን ሊገዛው እንደሆነ በአንድ ዓምድ ብቻ አውቃለሁ። የሟቾችን ቃል ጠብቀው ለባለቤቶቻቸው ስለሚያደርሱም አመሰግናለሁ፤ ወደፊት የእኔ ጊዜ ሲደርስ ምን እንዳልሁ ለማወቅ ከወዲሁ ጓጉቻለሁ። ሕጉ እንዲሻሻል አልጠይቅም። ፊንች እንዲመለስም አልጠይቅም፤ እንደማይመለስ አንቀጹን አንብቤዋለሁ፣ ያለ ማጋነን ዘጠኝ ጊዜ። ለጊውን ግን፣ በሥልጣንዎ ሳይሆን በቸርነትዎ፣ ለወይዘሮ ቬርኒስ ቢሰጧቸው ተቃዋሚ እንደማይኖር፣ ቢኖርም በየትኛው ገጽ እንደሚቃወም እንደማያውቅ አረጋግጥልዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ተገዢ፣ የሠንጠረዥዎ ዘላለማዊ የታችኛው ረድፍ፣ መነጽሩን በከንቱ የወለወለው
ሎዌል ክራንድል

ያልጨረስሁት ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ወይዘሮ ቬርኒስ በረንዳ ሄጄ ሙሉውን አነበብሁላቸው። ሬዲዮው በርቶ ነበር፤ ፊንች ለእርስዎ እየወረወረ ነበር፤ እሳቸውም እንደ ወትሮው እየመዘገቡ ነበር። አንብቤ ስጨርስ እርሳሱን አስቀመጡና ማክሰኞና ረቡዕ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እሳቸው ስንነጋገር እንደነበር ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው፤ አሥራ አንዳችንም። የአርባ ስምንት ሰዓቱ ጊዜ ሳያልፍ ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሆን ልውውጡ ይፈርስ እንደነበር ጠየቁኝ። አዎ፣ ይፈርስ ነበር አልኋቸው፤ የሰጪው ቃል ብቻ ይበቃል።

«ታዲያ ሎዌል፣ ለኔ ለምን አልደወልክልኝም?» አሉኝ። «ኤመት ለዳረል እንዲህ ብሎ እንደማያውቅ አንተ ታውቃለህ። እኔ እኮ እቤት ነበርኩ።»

እኔም ምን አልሁ መሰለዎት፣ ክቡር ሆይ? «ሥርዓት አለው እኮ» አልኋቸው።