ላፕቶፑ ነው የጠፋው፣ አባባ አልዘጉብሽም

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽስ እንደምን ሰነበተ? ይበላል? እንቅልፍ ይሰጥሻል? ጥርሱ በቅሎ አልቋል ወይስ ገና ያስለቅሰዋል? አክስት ተብዬ ስለ ልጁ የማውቀው መኖሩንና ሁለት ዓመት መሙላቱን ብቻ ነው። ያምሽ የነበረው ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሥራ ቦታ አሁንም ቀኑን ሙሉ በቁምሽ ነው የምትውይው? እኛ አለን። አለን ስልሽ ግን ደህና ነን ብዬ ልሸነግልሽ አልችልም። ደህና አይደለንም። አባባ እህል አልቀምስም ብለዋል።

ይህን ወረቀት ቀደሽ ከመጣልሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ አንብቢልኝ። ያን እሁድ በላፕቶፑ ስናወራ አባባ አልዘጉብሽም። እኔም አልዘጋሁብሽም፣ አክስታችንም አልነካችውም። ላፕቶፑ ግሎ በራሱ ጊዜ ነው የጠፋው። ይህንኑ ልነግርሽ ስደውል ስልክሽ ይጠራል፣ አታነሺም፤ በኋላ መጥራቱንም ተወ። መልእክት ብልክ አይደርስም። እንደዘጋሽን ገብቶኛል። የቀረኝ ነገር ላፕቶፑን የላክሽበት ካርቶን ላይ ያለው አድራሻሽ ነበር፤ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አውጥቼ፣ ፊቴ አስቀምጬ እየገለበጥኩ ነው የምጽፍልሽ። ቤት ቀይረሽ ከሆነ ወዴት እንደምጮህ አላውቅም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከፈለግሽ ሳቂብኝ፣ ከፈለግሽ ስደቢኝ። ላፕቶፑ ከመጣ ጀምሮ እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የያዝነው። ቤቱ ደግሞ የልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ብናኙን ታውቂዋለሽ፣ ጠርገሽው ዞር ስትዪ መልሶ ወለሉ ላይ ነው። እኔ ጎኑና ሆዱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አየሁና በዚህ በኩል ብናኝ እንዳይገባበት ብዬ ልብስ ሰፋሁለት። በስሱ ጥጥ የተሞላ፣ ዙሪያውን ዳንቴል ያለበት፣ ስክሪኑና ፊደሎቹ ብቻ ብቅ የሚሉበት ልብስ። እንዳይጎረብጠው ደግሞ ትራስ ላይ አስቀመጥኩት። አክስታችን ከሙሽራ አሳምረሽ አለበስሽው ብላ መረቀችኝ። የስፌት መኪናዬን ሥራ በጨረስኩ ቁጥር ሆዷን ከፍቼ በብሩሽ የማጸዳ ሴትዮ፣ ይኼኛውም ሆድ አለው ብዬ አላሰብኩም። አንዳንዴ ሲያጓራ ይሰማኛል፤ ደከመው ብዬ አዝንለት ነበር እንጂ ታፈነ አላልኩም። ከዚያ በፊትም እያወራን ይጠፋብን ነበር እኮ፤ ኔትዎርክ ነው እንላለን፣ አንቺም ቆይተሽ ትደውያለሽ። የዚያን ቀን ግን መልሰሽ አልደወልሽም። አልፈርድብሽም፣ እኔም ብሆን አልደውልም ነበር።

አባባ ዓይናቸው እንደደከመ ነግሬሻለሁ። ምን ያህል እንደደከመ እንዳልነግርሽ ግን አስምለውኝ ነበር፤ አሁን መሐላውን ትቼዋለሁ። የበራ ስክሪንና የጠፋ ስክሪን አይለዩም። ወፈርሽ፣ አማረብሽ እያሉ የሚያሞግሱሽ ከድምፅሽ ገምተው ነው። ስለዚህ አንቺ ያን እሁድ እያለቀስሽ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ፣ ፈርቼዎት ነው የደበቅኩት ብለሽ ሳትጨርሺ ስክሪኑ ድርግም ሲል፣ እሳቸው አላወቁም። እንደተቀመጡ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

እኔ መክፈቻውን እጫናለሁ፣ ገመዱን እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፣ ወይ ፍንክች። ጠፍቷል አባባ ብላቸው እጄን ገፋ አድርገው፣ ዝም በይ፣ ልጄን ላናግርበት አሉኝ። ልጅ ዕቃ ነው እንዴ የሚደበቀው አሉሽ። እንዲህ የምፈራ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ አሉሽ። ሚጡዬ፣ እኛ ቤት ይቅርታ የሚጠየቁ እንጂ የሚጠይቁ አባት እንዳልነበሩን ታውቂያለሽ። ቀጥለው፣ በይ አሁን ልጁን አቅርቢልኝ፣ ድምፁን ልስማው አሉና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ላፕቶፑ ላይ አደረጉ። ጆሯቸው እስኪቀላ ድረስ ይፋጅ ነበር፣ ግን አላነሱትም። ተኝቶ ይሆን እንዴ አሉ። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ ልክ ነሽ፣ ብትቀየሚኝም ልክ ነሽ ብለውሽ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ አልጋቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆኑም። ማሽኑ ነው የጠፋው፣ አልሰማችዎትም ብዬ ብምል ብገዘት አታባብይኝ ይሉኛል። ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰውዬ ቤት ድረስ አምጥቼ እንዲያስረዳልኝ አደረግሁ፤ አክብረው ሰሙትና፣ ሲወጣ እሱንም መክረሽ ነው ያመጣሽው አሉኝ። ሾርባ ባቀርብላቸው በምን አፌ ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በግድ ውኃ ነው የማጠጣቸው። ልታያቸው የመጣችው ነርስ በር ላይ ይዛኝ ወጥታ፣ በዚህ ከቀጠሉ ልባቸው አይችልም አለችኝ። ሱሪያቸውን አጥብቤ ሰፋሁት፣ እንደገና አጠበብኩት። ጨርቅ ቆረጣ ላይ ቆሜ ዝም ብሎ እንባዬ ይወርዳል፣ ደንበኛ ሲገባ ብናኝ ነው እላለሁ።

ላፕቶፑማ ድኗል። ጠጋኙ ያን ልብስ ሲገልጥ መጀመሪያ ሳቀ፣ ሆዱን ሲከፍተው ግን ሳቁን ተወ። ማራገቢያው በብናኝ ተጠቅጥቆ መዞር አቅቶታል። በመርፌ ሳብ ሳብ ሲያደርገው እንደ ቁራጭ ብርድ ልብስ ሆኖ ወጣ፤ ቀዩ የተማሪዎቹ ሹራብ፣ ሰማያዊው የጥበቃዎቹ ካፖርት፣ የሰፋሁት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ ነው የደፈንሽበት አለኝ። አሁን እኔው ራሴ ብሎኖቹን ፈትቼ አጸዳዋለሁ። ኤሌክትሪኩን ነቅዬ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ያዝ አድርጌ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ነው የማራግፈው። በአፍሽ እፍ አትበይበት፣ ርጥበት ይገባዋል ብሎኛል። አንቺም ጋ ያለውን እይው፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠሽ አትክፈቺው። የኛው አሁን ጠንካራ ጣውላ ላይ ራቁቱን ተቀምጧል፤ ልብሱን ድመቷ ወርሳዋለች። ቀኑን ሙሉ ቢከፈት አይግልም። ምን ዋጋ አለው፣ የሚደውልለት የለም።

እባክሽ ደውዪ። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ። እኔን ተቀየሚኝ፣ ዕድሜ ልክሽን አታናግሪኝ፣ ዳንቴል የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለሳቸው ግን ደውዪ። ምንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ልጁን ብቻ አቅርቢላቸው፤ ይሳቅ፣ ያልቅስ፣ ማንኪያ ያንኳኳ፣ ግድ የለም። የኔን ቃል አላመኑም፣ የጠጋኙንም አላመኑም። የልጁን ድምፅ ግን ሰው መክሮት ነው አይሉም። ይህ ወረቀት መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ አላውቅም። እንደደረሰሽ በዚያው ደቂቃ፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ ደውዪ። እኛ ጋ ሌሊት ቢሆንም ደውዪ።

አክስታችን ጉንጭሽንም የልጁንም ጉንጭ ሳሚልኝ ብላለች። ለልጁ ሹራብ ልትሠራለት ፈልጋ ቁመቱን ላኪልን ትላለች፤ እስከዚያው በግምት ጀምራዋለች፣ እንደ አያያዟ ከሆነ ለአንቺም ይበቃል። ባለቤቴ እጅ ነስቶሻል፣ ከሥራ እንደተመለሰ አባባን እየደገፈ በር ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። የጎረቤታችን ባለሱቋም ሰላም በያት ብላኛለች። እኔ አንቺንም ልጅሽንም አንገታችሁ ሥር ገብቼ እስማችኋለሁ።

አባባን ለሚጡ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ብለዋል ልበላት አልኳቸው። ምንም አትበያት፣ የምላትን ሁሉ ብያታለሁ፣ ሰምታኛለች አሉኝ።

ታላቅ እህትሽ
ከስፌት ቤታችን፣ ሐሙስ የካቲት ፳፩