በበሩ ያላለፈው ሶፋ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስሽ ነገር ተወሽ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? እኔ ለአካሌ ደኅና ነኝ። ፊት ለፊት ልነግርሽ አንደበት ባጣ ነው መጻፌ።

እትዬ፣ ያ ሶፋ በበሩ አላልፍ ብሎ አልነበረም።

ቤት ስከራይ በገዛ እጅሽ ሰፍተሽ ያመጣሽልኝን አረንጓዴ ሶፋ ማለቴ ነው። ተሸካሚዎቹ በቀላሉ ያስገቡት ነበር፤ «አይገባም» ብዬ በረንዳ ላይ አስቀርቼ ላስቲክ ያለበስኩት እኔ ነኝ። አንቺም «ለዶክተሯ ቤት የእኛ ሥራ አይመጥንም መሰለኝ» ብለሽ ሳቅሽ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ንቄሽ አልነበረም። ያደረግሁት ከንቀት ይብሳል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጣሪያ ላይ ማጣሪያ እየሰቀልን ከተማው የሚተነፍሰውን ብናኝ እንመረምራለን። ሶፋው ከመምጣቱ ከወር በፊት፣ አንቺ የምትሠሪበት ሶፋ ቤት አጠገብ የሰቀልነው ማጣሪያ ውጤት ደረሰኝ። ስፖንጅ እሳት ቶሎ እንዳይዘው የሚጨመርበት፣ ለነፍሰ ጡርና ለፅንስ የሚያሰጋ ኬሚካል ከሌላው ሰፈር ሁሉ በልጦ ተገኘ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሦስቴ ደገምኩት፤ ያው ነው። መንገዱ ላይ ይህን ያህል ከሆነ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ስፖንጅ ስትቆርጪ የምትውዪው አንቺስ?

ለአለቃዬ አሳየሁት። «ስንት ሰው ሥራ ሊፈታ ነው! ቆይ፣ እናጥናው» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቋሚነቴ ገና አልጸደቀም ነበርና እሺ አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ነቀዘ።

በአምስት ወርሽ ፅንሱ የወረደብሽ ጊዜ፣ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ እጅሽን ይዤ ነበር። «ምን በድዬ ይሆን?» አልሽኝ። «ፈጣሪ ያላለው ነው» አልኩሽ። የውጤቱ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ ምክንያቱ ይህ ነው አላለም፤ እኔም ነው ልል አልችልም። ግን አውቀሽ እንድትመርጪ ማድረግ እችል ነበር። እኔን ልታስተምሪ ብለሽ ነው እዚያ ቤት የገባሽው። እኔ ደግሞ በተማርኩት የራሴን ሳሎን ብቻ ጠበቅሁበት።

ባለፈው ሳምንት እናታችን ደውላ «እህትሽ ሰሞኑን አምሮት ይዟት ሎሚ በጨው ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በማግስቱ ቅጂውን ወስጄ ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠሁ። አለቃዬ ሲሰማ «በራስሽ ፈረድሽ» አለኝ፤ ጠረጴዛዬን ባዶ አድርጌ ወጣሁ። ጀግና ነኝ እያልኩሽ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ የኖረ ሰው ጀግና አይባልም።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ሰኞ እዚያ ክፍል አትግቢ። አመመኝ በያቸው፣ ደከመኝ በያቸው፣ ብቻ አትግቢ። ከዚህ ጋር ያያያዝኩትን የውጤቱን ወረቀት ለሥራ ባልደረቦችሽም አንብቢላቸው። ከዚያ በኋላ ብትቆጪኝም፣ ዓይንሽን ላየው አልፈልግም ብትይኝም፣ አይከፋኝም።

እጅሽ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። በሰላም ያገናኘን፣ ሦስታችንንም።

ያሳደግሻት ታናሽሽ